ከሳሩ ሜዳ ያልመጣው ዓሣ

ጥቅምት ፱

ለማከብርዎ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ትከሻዎ ቀለል ብሎት፣ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ጋር ሰላም ሆነው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ተነሳሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። ብርድ ገባ። ዘጋሁት። እንደገና ተቀመጥኩ።

ዛሬ የሆነውን ልንገርዎ። የምሠራበት የሙዚየሙ ዓሣ ክፍል ምድር ቤት ነው። መደርደሪያዎቹ በሐዲድ ላይ እየተገፉ ይከፈታሉ፤ አንዱን ስከፍት ሌላው ይዘጋል። በየመደርደሪያው ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ አልኮል፣ በየአልኮሉ ውስጥ ማን እንዳጠመደው የተረሳ ዓሣ። ጠዋት ዘበኛው አንድ ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ፈታሁት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ነው። በውስጡ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ዓሣ አለ። ከዓሣው ጎን ከጓንት ማሸጊያ የተቀደደ ቁራጭ ካርቶን፣ በእርሳስ ተጽፎበታል፦ «ከሳሩ ሜዳ፣ ጥልቀቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም። ለእህቴ፣ ለሙዚየሟ።»

የልጅዎ፣ የጓንቴ፣ እጅ ጽሑፍ ነው።

አምና «እንግዳ ዓሣ ካጋጠመህ ላክልኝ» ብዬው ነበር። ልጅዎ ከነጀልባው ከጠፋ ስድስት ወር አለፈ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ጽሑፉን ይዤ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ቆሜ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ምንም ማለት አይደለም። ብደብቅዎ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር ፫

ለኔ ዓሣ ሐኪም፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከብርድ ይጠብቅሽ፣ አለቃሽንም ልቡን ያራራልሽ። እኔ አለሁ። ወገቤ እንደ ድሮው ይጮህብኛል፣ እኔም መልሼ እጮህበታለሁ።

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ ዓሣ ማጽጃው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ቢሸትሽ ይቅርታ። አሁን እየተጠነቀቅሽ መልሺልኝ። መቼ ነው የላከው? ከየት ነው የላከው? ጋዜጣው የየት አገር ነው? ቀን አለው አይደል ጋዜጣ፤ ቀኑን እይልኝ!

እኔ እኮ ልጄ በሕይወት አለ ብያቸው ነበር። አንዳቸውም አልሰሙኝም።

አሠሪው ባለጀልባው ለወደቡ ቢሮ ያለውን ታውቂያለሽ። «የኔ ጀልባዎች ከሳሩ ሜዳ አያልፉም» አለ። ከሜዳው ማዶ ወለሉ ድንገት ቁልቁል የሚወርድበት፣ ገደሉ የምንለው ቦታ፣ ለትንሽ ጀልባ ክልክል ነው። ሳሩ ሜዳ ላይ ደግሞ፣ የባሕሩ ወለል ሳር ያበቀለበት ውኃ ጥልቅ ስላልሆነ፣ ጀልባ ቢሰጥም ምሰሶው ከውኃ በላይ ይታያል። ፈለጉ፣ ምሰሶ የለም። «እንግዲያው ሰርቆኝ ሄዷል» አለ። ስሙን ከነአባቱ ጽፈው፣ ከሥሩ ሌባ ብለው፣ የወደቡ በር ላይ ለጠፉት። ጠዋት ስገባ በሥሩ አልፋለሁ፣ ማታ ስወጣ በሥሩ አልፋለሁ። በቀደም በረዶ ሻጯ «ልጅሽ ጀልባውን ስንት ሸጠው?» አለችኝ። «ያንቺን ምላስ ገዝቶ የሚያሳርፍበት ያህል» አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ሌባ ይበሉት። ሌባ ይበላል፣ ይተኛል፣ አንድ ቀን ደግሞ እናቱ ትናፍቀዋለች። ቁልፍ ይዞ ስላልሄደ በሩን አልቀረቅርም። ነፋስ ሲያንገጫግጨው አናጢው ጎረቤቴ ግድግዳውን እየደበደበ «ኧረ በሩን!» ይላል። «ያንተ በር ነው እንዴ?» እለዋለሁ።

እናትሽና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፤ ሥጋው ራቅ ቢልም ያለሽኝ አንቺ ነሽ። እዚያ ያለው ወደብ ሂጂልኝ። ጀልባው ሰማያዊ ነው፣ አፍንጫው ላይ ቢጫ ቀለበት ተቀብቷል። ልጁን ከፊቱ ይልቅ በጓንቱ ትለዪዋለሽ፤ መቼም አንዱን ጥሎ በአንዱ ነው የሚሠራው። የግራ እጅ ጓንቶቹ ሁሉ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተከምረዋል።

እትዬሽ


ታኅሣሥ ፮

ለማከብርዎ እትዬ፣

ጤናዎን፣ የእጅዎን ብርታት፣ የአፍዎን ጨዋታ አያሳጣኝ።

ጋዜጣው የመጋቢት ነው። ካለፈው መጋቢት። ጓንቴ ብልቃጡን ለአንድ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሰጥቶት ኖሯል። አገኘሁት። ትሁት ሰው ነው፤ አልጋው ሥር አስቀምጦ ረሳው፣ መርከቡ ሲጠገን አስታወሰው። «አደራ ብሎኝ ነበር፣ በጣም አፈርኩ» እያለ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት የተላከ ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጀመሪያ ማጣራት ነበረብኝ።

ስለ ዓሣው ልጻፍ።

ማንኛውም ዓሣ በሳይንስ ሁለት ስም አለው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ። ይህን ዓሣ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ከሳር ሜዳ ዓሣዎች ወገን አስገብቶታል። ያየው አንድ የደረቀ ናሙና ብቻ ነበር፤ ከየት እንደተያዘም አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የሱን ቃል ገለበጠ። እኔ የጓንቴን ዓሣ ከሳር ሜዳዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዓይኑ ይተልቃል። ጥርሱ ሳር የሚግጥ ጥርስ አይደለም፣ እንደ መርፌ ነው። የጀርባው እሾህ አበቃቀልም ሌላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለመቶ ዓመት የተቀመጠው ሰው ቤት ነው።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አነሳ። ከዚያ አልሳቀም።

አዲስ ወገን የሚቋቋም ከሆነ ለስሙ ማሰሪያ የሚሆን አንድ ዓሣ ይመረጣል። አንድ ብቻ። ወደፊት የሚከራከር ሁሉ ወደዚያ ብልቃጥ ይመለሳል። ከጓንቴ ዓሣ የተሻለ የለንም። የተያዘበት ቦታም አብሮ ይታተማል፣ ከታተመ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያምነው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጓንቴ ሁልጊዜ ከሳሩ ሜዳ ነበር የሚያጠምደው?

ለሥራ ነው የምጠይቀው።

አክባሪ ልጅዎ


ጥር ፳፪

ለኔ ልጅ፣

እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሰውም ደህና ነው፣ ዓሣም ደህና ነው፣ ተመስገን።

መጋቢት። እሺ። መጋቢት ከሆነ መጋቢት ነው።

ወደብ ሂጂልኝ ብዬሽ ነበር። ስለ ወጥ ቤቱ ሰውዬ ጻፍሽ፣ ስለ ጥርስ ጻፍሽ፣ ስለ እሾህ ጻፍሽ። ሰማያዊ ጀልባ አየሁ ወይ አላየሁ የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ጀርባውም ባዶ ነው።

ወገን ያልሽውን አንብቤ ስቄያለሁ። እኛ ወገን የምንለው ሲቸግርህ የሚመጣውን ነው። ሳይጠይቁት የተመደበው ዓሣ ምን አለ ይሆን? መቶ ዓመት ሙሉ «እኔ የነሱ አይደለሁም» እያለ!

ለጠየቅሽኝ፣ ከሳሩ ሜዳ ነው። በእጁ ጽፎልሽ የለም እንዴ? ልጄ ሌባ ተብሏል፣ ውሸታም ግን ያለው የለም። አንቺ እንዳትጀምሪው።

አናጢው በሩ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆልኛል፣ እንዳይንኳኳ። አወጣሁት። ሲንኳኳ መስማት እፈልጋለሁ።

እትዬሽ


የካቲት ፲፰

ለማከብርዎ እትዬ፣

ጤና፣ ሰላም፣ ብርታት ለእርስዎ ይሁን።

ወደቡ ሄድኩ። ያዘገየሁት ፈርቼ ነው። ሙሉ ቀን ዞርኩ። የጀልባ መዝጋቢዋ ሴትዮ ደግ ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ፈለገችልኝ። እንደዚያ ያለ ጀልባ አልገባም። በአካባቢው ወዳሉት ወደቦችም ደወለችልኝ። የለም። ስወጣ አንድ ሰማያዊ ጀልባ አይቼ ሮጥኩ። አፍንጫው ላይ ቀለበት የለውም። ባለቤቱ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ትኩር ብሎ ሲያየኝ ጊዜ «ዓሣ ነው የምፈልገው» አልኩት። አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ሁለት ሰጠኝ።

ትናንት የጓንቴን ዓሣ ሆዱን ከፈትኩ። እጅግ በጥንቃቄ፣ በአንድ ጎን ብቻ። ማሰሪያ የሚሆነውን ዓሣ ማበላሸት ክልክል ነው።

ዓሣ በሆዱ ውስጥ አየር የሚይዝባት ፊኛ አለችው፤ እንዳይሰጥም፣ እንዳይንሳፈፍም። የሳር ሜዳዎቹ ሁሉ በፊኛቸው አየር አላቸው። የዚህ ፊኛ በስብ ተሞልቷል። የሆዱ ግድግዳ ደግሞ በውስጥ በኩል ጥቁር ነው። በበሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፤ ልክ ቀለም የተቀባ ስስ ጨርቅ የለጠፉበት ይመስላል። እንደዚህ ጥቁር ልባስ ያላቸው ዓሣዎች የሚበሉት በጨለማ የሚያበሩ ትንንሽ ፍጥረቶችን ነው። የዋጡት ብርሃን ከሆዳቸው አልፎ ለጠላት እንዳያሳያቸው ጥቁሩ ይሸፍንላቸዋል።

ብርሃን መደበቅ የሚያስፈልገው ብርሃን በሌለበት ነው። ሳሩ ሜዳ ላይ ጸሐይ እስከ ወለሉ ትደርሳለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት።

እርስዎ በጠረጴዛዎ ላይ እንደዚህ ሆዱ ውስጡ ጥቁር የሆነ ዓሣ አይተው ያውቃሉ?

አክባሪ ልጅዎ


ሚያዝያ ፭

ለኔ ልጅ፣

ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ከደረሰኝም ቆይቷል።

ጽሑፉን አቆዪው።

እትዬሽ


ሚያዝያ ፳፮

ለማከብርዎ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ።

አጭሯን ደብዳቤዎን በሥራ ካፖርቴ ኪስ ይዤ እዞራለሁ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ። አንዱን እከፍታለሁ፣ ሌላው ይዘጋል።

ያለሁበትን ልንገርዎ። በሌላ ሙዚየም ያለ አንድ ሰው ይህንኑ ዓሣ እያየ ነው። በኛ ሥራ አስቀድሞ ያሳተመው ስም ይጸናል፣ የዘገየው ይወድቃል። የኔ ኮንትራት ደግሞ ክረምት ሲገባ ያልቃል። አለቃዬ ትናንት በሩ ላይ ቆሞ «ካርቶኑ ላይ ሳር ሜዳ ይላል አይደል? ያለውን ጻፊና ላኪው» አለኝ። «ውሸት ነው» አልኩት። «ያጠመደው ሰው ነው የጻፈው፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ?» አለኝ። አልነበርኩማ።

እትዬ፣ አሁን በግልጽ ልጻፍ። ዙሪያውን መሄድ ደከመኝ።

ይህ ዓሣ ሳሩ ሜዳ ላይ ሊኖር አይችልም። የተያዘው ከገደሉ ነው። ዓሣው ከገደሉ ከመጣ ያጠመደውም ገደሉ ላይ ነበር። በመጋቢት ከሄደ በሚያዝያም ሄዷል። ፍለጋው ግን የተደረገው ሳሩ ሜዳ ላይ ነው። ምሰሶ ያላዩት ስለዚህ ነው።

ይህን ካሳተምኩ ጓንቴ ሌባ አይሆንም። ሌላ ነገር ይሆናል። ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ሳሩ ሜዳ ብዬ አልጽፍም። እሱን ቆርጫለሁ። ገደሉ ብዬ ግን ያለ እርስዎ ቃል አልልክም። ሰውዬው ይቅደመኝ። ወገኑን እሱ ይሰይመው፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።

ከፈቀዱልኝ የወገኑን ስም በጓንቴ ስም ላወጣው እችላለሁ። ስሙ እስከ ወዲያኛው በመጻሕፍት ይኖራል። ይህን ያልኩት ላባብልዎ ይሆን? አላውቅም። እጄ ነው የጻፈው።

አክባሪ ልጅዎ


ሰኔ ፰

ለኔ ዓሣ ሐኪም፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ እጅሽ አይሳት። እኔ አለሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ሆዱ ውስጡ ጥቁር ዓሣ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለሽኝ ነበር። ልጄ፣ እኔ ስፍቀው ነው የምውለው። ባለጀልባው የዓሣውን ጭንቅላት ባሕር ላይ አስቆርጦ ነው የሚያመጣው፤ «ጭነት እንዲቀል» ይላል። ሆዱን እኛ ሴቶቹ እንከፍታለን፣ ጥቁሩን በቢላ ጀርባ ፍቀን እናነሳለን። ገዢ ካየው የታመመ ዓሣ ይመስለዋላ። ከየት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ቢላዬ እጄ ላይ ቆመ። በረዶ ሻጯ «ምነው ደነዘዝሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ነው አቆዪው ብዬ የጻፍኩልሽ።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ዙሪያውን መሄድ ደከመኝ ያልሽበት።

እኔንም ደክሞኝ ነበር።

አንድ ዓሣ ሳልፍቅ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ስለ ሆዱ የጻፍሽውን ደብዳቤ ይዤ ወደቡ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው አፍንጫውን ያዘ። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምስክር ነው» አልኩት። «ተቀበለው።»

ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ አነበበው፣ ፊኛው ጋ ሲደርስ ተደነቃቀፈ፣ መልሶ አነበበው። አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ባለጀልባውን አስጠራ። ባለጀልባው መጣና ሳቀብኝ። «ዓሣ እኮ ይዋኛል እትዬ፣ አጥር የለበትም። ገደሉ ጋ ይሁን የትም፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከኋላ አንድ ከሱ ጀልባ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚናገር ሰው፣ «በቃ እንግዲህ» አለ። «ሁላችንም መረብ የምንጥለው ገደሉ ላይ ነው። ከተጠየቃችሁ ሳሩ ሜዳ በሉ ተብለናል። ጓንቴም የተባለውን ነው ያለው።» ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ።

በማግስቱ ገደሉ ላይ ጀልባ ላኩ። እኔም ሄድኩ፣ አትሄጂም ቢሉኝም። ከባድ የእርሳስ ብረት አስረው ገመድ ለቀቁ። ለቀቁ፣ ለቀቁ፣ ገመዱ አለቀ። ወለሉን አልነካም። ሌላ ቀጥለው ለቀቁ። እሱም አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚቀጠል ስላልነበረ ገመዱን ሰበሰቡ፣ እኔም ሲሰበስቡ አየሁ።

ከወደቡ በር ላይ ወረቀቱን ጸሐፊው ራሱ አነሳው። በጥፍሩ ላጠው፣ ግማሹ ተጣብቆ ቀረ። ቢላዬን አወጣሁና የቀረውን በጀርባው ፋቅኩት። ንጹሕ አድርጌ። ሥራዬ አይደል።

አሁን ስላንቺ ነገር። የልጄን ስም ለዓሣው አትስጪው። ዓሣው መቶ ዓመት በሰው ስም ሲጠራ ኖሮ ገና መገላገሉ ነው፤ የራሱን ስም አውጪለት። በስብ የተሞላ ፊኛ ብለሽ ሰይሚው፣ እሱም ስም ከሆነ! የጓንቴን ስም ያጠመደው በሚለው ላይ ጻፊው፣ ከነአባቱ፣ በር ላይ እንደነበረው ሙሉውን። የተያዘበት በሚለው ላይ ገደሉ ብለሽ ጻፊ። ያቺን የካርቶን ቁራጭ ግን እንዳትጥያት። ከዓሣው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ትቀመጥ። የተባለውን ጻፈ እንጂ አንቺን አልዋሸሽም።

ቶሎ ላኪው። ሰውዬው እንዳይቀድምሽ።

ሰዎች መጥተው ተቀምጠው ነበር፣ በረዶ ሻጯም ሳትቀር። ከሄዱ በኋላ በሩን ልቀረቅር ብል መቀርቀሪያው ዝጎ አልንቀሳቀስ አለኝ። ዓመት ሙሉ ሳይነካ! አናጢውን ጠራሁት። በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው፣ ከኔው ዕቃ የዓሣ ዘይት ቀባው። «በይ ሞክሪው» አለኝ። ቀረቀርኩት። ከፈትኩት። መልሼ ቀረቀርኩት፣ እጄም እዚያው ቀረ። አናጢው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ክፈቺልኝ ሳይል፣ በጓሮ በኩል ዞሮ ወጣ።

እትዬሽ